በቅርጫቱ ሥር የደበቅኳቸው

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16 ቀን
ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል

እማዬ፣ የኔ ናፍቆት፣

የሰው አገር ሥራ እንዴት ይዞሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? የላክሽልኝን ፎቶ አልጋዬ ራስጌ ለጥፌዋለሁ። ፊትሽ ትንሽ ከስቷል፤ ልብሱ ግን አምሮብሻል። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ አልታመምኩም ማለቴ ነው። ሌላውን ደግሞ አሁን እጽፍልሻለሁ።

ዓርብ ዕለት ስትደውዪ እህትሽ እቴቴ ራሷ አነጋግራሻለች። "የከረመ ምግብ በልቼ ነው፣ ሆስፒታል ያስተኙኝ ለጥንቃቄ ነው፣ እንዳትጨነቂ" ስትልሽ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ከዚያ ስልኩን ሰጠችኝ። አንቺም "ምን በልታ ነው?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔ "እ..." እንዳልኩ መስመሩ ተቆረጠ። እማ፣ መስመሩ አልተቆረጠም። እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ታውቂኛለሽ፤ በአፌ አልወጣ ያለኝ ነገር በእጄ ይወጣልኛል። ስለዚህ እጽፋለሁ። እቴቴ የበላችው የከረመ ምግብ አይደለም። የአበባሽን፣ የባለጣቷን ሥር ነው የበላችው። ሥሩን እዚያ ያስቀመጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ እንዲያ ካልሆነ አይገባሽም።

አበቦችሽን በደንብ ይዣቸው ነበር። ሰሟ፣ እንደ ስሟ፣ ቅጠሏ አሁንም ሰም የተቀባ ይመስላል፤ በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ እወለውላታለሁ። አበባዋ ሲረግፍ የሚቀረውን ጉቶ እንዳልቆርጥ ነግረሽኝ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመትም ከዚያው ጉቶ ላይ ስለሆነ የምታብበው። አልቆረጥኩም። አንድ ጊዜ ጥጥ የመሰለ ነጭ ተባይ በቅጠሎቿ ሥር ገብቶባት ነበር፤ በሳሙና ውሃ አንድ በአንድ ጠረግኩላት። ባለጣቷ ግን ከሁሉም በላይ አስገርማኝ ነበር። የቅጠሏ ጫፍ እየቀጠነ ሄዶ እንደ ጣት ይታጠፍና ያገኘውን ይይዛል አይደል? አምና የዘረጋሁላትን ሽቦ ይዛ ይዛ የመጋረጃው ብረት ላይ ደረሰች። አስራ አንድ አበባ አበበች። እሳት ሲነድ ወደ ላይ እንደሚዘረጋ ሁሉ ቅጠሎቻቸውን ወደ ላይ ገልብጠው፣ ቀይ ሆነው፣ ጠርዛቸው ቢጫ። እቴቴ እንኳ ከሥራ ስትገባ ቆማ አየቻቸው። "ይሄ አበባ ነው ወይስ ቤቱ ሊቃጠል ነው?" አለችና ሳቀች። አበባ ሳያስቆጣት የቀረው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ እንደ ልማዷ ደረቀች። በመጀመሪያው ዓመት የሞተች መስሎኝ አልቅሼ ስደውልልሽ፣ አልሞተችም፣ ተኝታ ነው፣ ሥሩን አውጥተሽ ደረቅና ሞቃት ቦታ አስቀምጪው፣ ጫፉ ነጭ ሲያወጣ መልሰሽ ትከይው ብለሽኝ ነበር። ከነካሻት በኋላም እጅሽን ታጠቢ ብለሽኛል። ሁልጊዜ እታጠባለሁ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩሽም፤ አንቺም አልነገርሽኝም።

ዘንድሮ ጣሳውን ስገለብጠው ሰባት ሥር አገኘሁ። በሁለት የጀመርነው ሰባት ሆነ። ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ነበር። ግን የት ላስቀምጣቸው? በመስኮቱ በኩል ያለው ግድግዳ ረጥቧል፤ አልጋዬ ሥር ሻጋታ አለ። በቤታችን ደረቅና ሞቃት ቦታ ቢኖር ከምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ ብቻ ነው። እቴቴ ደግሞ "ወጥ ቤቴ ውስጥ አንዲት ፍሬ አፈር እንዳላይ" ብላ ምላለች። ስለዚህ ሥሮቹን አጥቤ፣ አድርቄ፣ በጋዜጣ ጠቀለልኳቸውና መደርደሪያው ላይ ካለው የስኳር ድንች ቅርጫት ታችኛው ክፍል ላይ ሸጎጥኳቸው። እቴቴ በየሳምንቱ አዲሱን ከላይ ስለምትጨምር ቅርጫቱ ተራቁቶ አያውቅም። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። መልካቸውም ስለሚመሳሰል ብታይ እንኳ አትነቃም ብዬ አስቤያለሁ። እማ፣ መመሳሰላቸውን ወድጄው ነበር።

እቴቴ ከመታመሟ በፊት ባለው ቅዳሜ የቤቱ ባለቤት መጥቶ የረጠበውን ግድግዳ በጣቱ ጫን ጫን አደረገና፣ ይህ ሁሉ የአበቦቹ ውሃ ነው፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወይ አበቦቹ ይውጡ ወይ እናንተ ውጡ ብሎ ሄደ።  እቴቴ ማታውን በሙሉ አላነጋገረችኝም። እሑድ ጠዋት ሸሚዝ እየተኮሰች "አበቦቹን እስከ ሐሙስ ሰጥተሽ ጨርሺ" አለችኝ። እቤትም መተኮስ መቼ ይለቃታል፤ በምትሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ሳምንቱን ሙሉ ተኩሳ እሑድ ደግሞ የኛን ትተኩሳለች። እኔ አልጋዬ ላይ ወጥቼ ወደ ግድግዳው ዞሬ ተኛሁ። ቃል አይወጣኝም እንጂ ማኩረፉንስ እችልበታለሁ።

በዚያ ሳምንት ገበያ አልወጣችም ነበር። ያን አላሰብኩም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ለምሳ ጠራችኝ። አልራበኝም አልኳት። ብቻዋን ቁጭ ብላ ስትበላ ድምጿ ይሰማኛል፤ ስታላምጥ፣ ሹካውን ስታስቀምጥ። አንዴ ጮክ ብላ "ይሄኛው ደግሞ እንዳንቺ ፊት ይመራል" አለች። ላለመሳቅ ትራሱን ነከስኩ። ሳቄ ቢመጣም አልዞርኩም። ዞሬ ቢሆን ኖሮ ሳህኑን አይ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ እሷ ጓሮ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ፣ እንደ ሁልጊዜው ሥሮቹን ላያቸው ወጥ ቤት ገባሁ። ጋዜጣው መደርደሪያው ላይ ነበር፤ እሷ ልብስ እንደምታጥፈው ጠርዙ ከጠርዙ ገጥሞ፣ በአራት ታጥፎ። ቅርጫቱ ውስጥ ከሥሮቹ አራት ቀርተዋል። የቆሻሻውን ባልዲ ከፈትኩ። በስኳር ድንቹ ልጣጭ መሐል ሌላ ልጣጭ አለ፤ ቀጠን ያለ፣ ቡናማ፣ ጣት የሚያክል። ሦስቱ ናቸው።

አሁን የምጽፍልሽን ለማንም አልነገርኩም።

እንደሚጎዳት እርግጠኛ አልነበርኩም። እጅሽን ታጠቢ ያልሽኝ ግን ትዝ አለኝ። በመስኮት አየኋት። ቆማ፣ የልብስ መቆንጠጫ በጥርሷ ይዛ፣ ለራሷ ታንጎራጉራለች። ቢጎዳት ኖሮ እስካሁን ይታወቅ ነበር አልኩ። ደግሞ ብነግራት አበቦቹን በሙሉ እስከ ሐሙስ ሳትጠብቅ ዛሬውኑ ታወጣቸዋለች አልኩ። እማ፣ ሁለተኛው ነው እውነቱ። የመጀመሪያውን ያሰብኩት ሁለተኛውን ለመሸፈን ነው። ባልዲውን ከደንኩትና ገብቼ የሰሟን ቅጠሎች መወልወል ጀመርኩ። እያንዳንዱን። ሁለት ሰዓት ሙሉ።

አስር ሰዓት ሲሆን አላስችል አለኝና ችግኝ ወደሚሸጡት ጋሼ ሄድኩ። ያው ድሮ የምንሄድበት ነው፤ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ። አንዱን ሥር በጋዜጣ ጠቅልዬ ኪሴ ከትቼ ነበር። ውሃ እያጠጡ ነበር። ቆሜ ጠበቅኩ፤ ሲጨርሱ ሌላ መደብ ጀመሩ፤ አሁንም ጠበቅኩ። በመጨረሻ ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋቸውና የባለጣቷን ሥር ሰው ቢበላው ምን ይሆናል ብዬ ጠየቅኳቸው።

ማጠጫውን መሬት አስቀመጡት።

"ለምን ጠየቅሽ?"

"እንዲሁ ነው።"

"ማን ነው የበላው?"

"እቴቴ..." አልኩ። እንባዬ ቀደመኝ። ትከሻዬን ይዘው ነቀነቁኝ፤ "ስሚኝ ልጄ፣ ሩጪ። ደህና ነኝ ብትልሽም አትመኚያት። ይህን ሥር ለሐኪሙ አሳዪው፤ ካላየ አያውቅም" አሉኝ።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። አንዱ ጫማዬ መንገድ ላይ ወልቆ ተመልሼ ያነሳሁት ይመስለኛል። ቤት ስደርስ እቴቴ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ታስመልሳለች። "ሬዲዮ" ቀድማኝ ደርሳለች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ስሙን ያወጣችላት እቴቴ ናት፣ ማጥፊያ የላትም ብላ። ሬዲዮ በአንድ እጇ የእቴቴን ግንባር ይዛ፣ በሌላው ሎሚ እየጨመቀች፣ እናቷ በሕፃንነቷ ከአንድ ሠርግ መልስ እንዴት እንደታመመች ታወራለች። ታክሲም ያመጣችው እሷ ናት። አልዋሽሽም፣ እሷ ባትኖር እኔ እዚያው በሩ ላይ እንደቆምኩ እቀር ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ ነርሱ ምን እንደበላች ጠየቀ። ሬዲዮ መለሰች፤ ስኳር ድንች ነው፣ ሳይበላሽ አልቀረም፣ የዘንድሮ ስኳር ድንች እኮ... እያለች ቀጠለች። ነርሱ ይጽፋል። እቴቴ ሆዷን ይዛ አግዳሚው ላይ ተጣጥፋለች። መርፌ ተወግታ ወደ ቤት እንድትሄድ፣ ውሃ አብዝታ እንድትጠጣ አዘዘ። ሬዲዮ ቦርሳዋን ማንሳት ጀመረች። ቀጣዩ በሽተኛ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። እጄ ኪሴ ውስጥ ነው። ሥሩን ጨብጬዋለሁ። አፌን ከፈትኩ፤ ምንም የለም። እንደገና ከፈትኩ። ሲጨንቀኝ ሥሩን አውጥቼ ወረቀቱ ላይ፣ እየጻፈበት ያለው ላይ አስቀመጥኩት።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለኝ።

"የበላችው ይሄ ነው።"

"ስኳር ድንች አይደል እንዴ?"

"አይደለም። የኔ አበባ ነው። መርዝ ነው።"

ሬዲዮ እንኳ ዝም አለች። ነርሱ ሥሩን በሁለት ጣቱ አነሳና አየኝ። "ማን ሰጣት?" አለ። የአንድ ክፍል ሰው ሁሉ እኔን ሲያይ ታወቀኝ። እቴቴም ከአግዳሚው ላይ አንገቷን ቀና አድርጋ አየችኝ። እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በሩጫ ሆነ፤ ስልክ፣ አምቡላንስ፣ ትልቁ ሆስፒታል፣ እቴቴን የሚያጠጧት ጥቁር ነገር፣ ግሉኮስ፣ የተዘጋ በር።

እዚያ አንዲት ዶክተር በለሰለሰ ድምፅ ጠየቀችኝ። መቼ በላች? ስድስት ሰዓት ተኩል። ስንት? ሦስት ትንንሽ። መቼ አወቅሽ?

"አስር ሰዓት" አልኳት።

እሷም ጻፈችው። ኋላ በኮሪደሩ ስታልፍ ለሌላው ሐኪም፣ ከበላች በሁለት ሰዓት ውስጥ ደርሳልን ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን እናወጣላት ነበር ስትል ሰማኋት። ለኔ አይደለም የተናገረችው። እኔ ግን የሰማሁት ለኔ እንደተባለ ነው።

አራት ቀን ሙሉ እንድንገባ አልፈቀዱልንም። ኩላሊቷ ደከመ፤ ደሟ ወረደ። ሬዲዮ ኮሪደሩ ላይ አቅፋኝ ስትቀመጥ እንኳ ከመናገር አላቆመችም፤ የምትለውን አልሰማሁም፤ ወሬዋ ባይኖር ግን ዝምታው ይገድለኝ ነበር። ዓርብ አስገቡን፤ ያን ቀን ነው አንቺ የደወልሽው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እቴቴ ለምን እንደዋሸችሽ ጠየቅኳት። "እዚያ ሆና ምን ታደርጋለች? እንቅልፏን ከማጣት በቀር" አለች። ከዚያ ትንፋሿን ሰብስባ ሌላ ነገር ነገረችኝ። ከቅርጫቱ ሥር ጋዜጣውን ስታገኝ፣ ስኳር ድንቹ እንዳይበላሽ እኔ ለይቼ የጠቀለልኩት መስሏት ነበር። "ቤት መያዝ ጀመረች ብዬ ደስ አለኝ" አለች። የቀቀለችው ውስጥ የሚመር አገኘች፤ እኔ ደግሞ ሳኮርፍ ቆይቼ መራቤ እንደማይቀር ታውቃለች፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ከጫፉ እየቀመሰች፣ የጣፈጠውን ለኔ ሳህን ላይ ከድና አስቀመጠች፣ የመረረውን ግን ከሚጣል ብላ ራሷ በላችው።

ሳህኑን አላየሁትም ነበር እማ። ባልዲውን እንጂ ሳህኑን አላየሁም። ቤት ስመለስ ምድጃው ጎን ክዳኑን እንደተከደነ አገኘሁት፤ ሻግቶ።

ቅዳሜ የቀሩትን ሦስት ሥሮች ለጋሼ መለስኩላቸው። በጆንያ ከትተው በቀይ ቀለም "መርዝ" ብለው ጻፉበት። ገና ስሸጣት ይህን መጻፍ ነበረብኝ አሉ። ከዚያ ደግሞ ለእናትሽ ግን ስሸጥላት ነግሬያታለሁ፣ ሥሯ ይገድላል ብያታለሁ አሉኝ። ምናልባት ከሌላ ደንበኛ ጋር አምታተውሽ ይሆናል። አርጅተዋል።

ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ትናንት ማታ ትኩሳት እንደያዛት ሬዲዮ ነገረችኝ። የደሟ ውጤት ዛሬ ይታወቃል፤ ከወረደ ምን እንደሚሆን ዶክተሯ ልትነግረን አልፈለገችም። የጥየቃው ሰዓት ከስድስት እስከ ሰባት ነው። ዛሬ ስለ ስምንት ሰዓቱ እነግራታለሁ። ለዶክተሯ ሳይሆን ለሷ። ቀድሜ ላንቺ የጻፍኩት እንዳላመልጥ ነው። ደብዳቤውን አላሽገውም፤ ስመለስ እጨርሰዋለሁ።

ዘጠኝ ሰዓት

ተመልሻለሁ።

ደሟ ትንሽ ወጥቷል። ትኩሳቱም በርዷል። ዶክተሯ ገና ነው፣ ግን አቅጣጫው ጥሩ ነው አለች። እቴቴ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ፀጉሯ መርገፍ ጀምሯል፤ ዶክተሯ እንደሚረግፍ፣ ተመልሶም እንደሚበቅል አስቀድማ ነግራናለች። ሬዲዮ አለመኖሯ በጀኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ ባልዲውን ከፍቼ እንዳየሁ ነገርኳት። አበቦቹን እንዳታወጪብኝ ብዬ ዝም አልኩ አልኳት። ሁለት ሰዓት ቅጠል ስወለውል ነበር አልኳት። ለዶክተሯም እንደዋሸሁ። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አቃተኝ፤ እንደ ሬዲዮ ሆንኩ።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።  ከጎኗ ያለችው በሽተኛ የላስቲክ ከረጢት ስትፈታ ይሰማኛል።

"ባልዲውን ስትከፍቺ አይቼሻለሁ" አለችኝ ሳትዞር። "ርቧት የምትበላው ፈልጋ ነው ብዬ አዘንኩልሽ። ሳህኑ እዚህ ነው ብዬ ልጠራሽ ነበር። ደግሞ ራሷ ታግኘው አልኩ።"

 ይቅርታ የሚለው ቃል በጣም ትንሽ መሰለኝ፤ ግን ሌላ ስለሌለ እሱኑ አልኳት። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። እናትሽ ታውቃለች ወይ አለችኝ። ጽፌላታለሁ አልኳት። ሁሉንም? ሁሉንም።

"በይ ሂጂና ላኪው" አለች። "ከመሄድሽ በፊት ግን ይቺን ትራስ አራግፊልኝ። ፀጉሩ ፊቴን ይበላኛል።"

ትራሱን መስኮቱ ጋ ወስጄ አራገፍኩት። የተጣበቀውን በጣቴ አንድ በአንድ ለቀምኩ። መልሼ ከራሷ ሥር ሳደርግላት ዓይኗን ጨፍና ነበር። በሩ ጋ ስደርስ፣ "ነገም ስድስት ሰዓት ነው" አለችኝ። "እንዳትቀሪ።"

ስለ ቤቱ እንዳትጨነቂ። አበቦቹን ዛሬ ጠዋት ወደ ሆስፒታል ከመሄዴ በፊት ጋሼ በጋሪ ወሰዷቸው፤ ሰሟንም ጭምር። ግድግዳው መድረቅ ጀምሯል።

እማ፣ ባለሽበት ጤናና ሰላም ይብዛልሽ። የምታሳድጊያቸው ልጆች ያክብሩሽ፤ እጅሽን ሥራ አይጉዳው። ወገብሽ እንዲሻልሽ ዕቃ ጎንበስ ብለሽ አታንሺ። አልቆጣሽም፤ አንቺም አትቆጪኝ። ለኔ መልስ ከመጻፍሽ በፊት ግን ለእቴቴ ጻፊላት። አንቺም የምትነግሪያት ነገር ያለ ይመስለኛል።

የምትወድሽ ልጅሽ፣
ጭምቷ